የተዘጋው ባሕር መርዶ

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጀልባ ስጠግን ኖሬ ዋና አልችልም። ይህን የሰማ ሁሉ ይስቃል። ባለቤቴ አስቴርማ ውኃ ሳይነካው የውኃ እንጀራ የበላ ሰው እያለች በእንግዳ ፊት ታሾፍብኛለች። እውነቷን ነው። አሰብ ወደብ የጎታች ጀልባ ሞተር ስፈታና ስገጥም አሥር ዓመት ሠራሁ፤ ሚኒሶታ መጥቼ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ሃያ አምስት ዓመት ጨመርኩበት፤ አንድ ቀን እንኳ ከጉልበቴ በላይ ውኃ ገብቼ አላውቅም። የኔ ቦታ ከወለሉ በታች፣ ሞተሩ አጠገብ ነው።

ጡረታ ስወጣ አለቃዬ ሊንዳ የመሣሪያ ሣጥኔን ይዤ እንድሄድ ፈቀደችልኝ። ባለፈው ሳምንት ምድር ቤት ወርጄ ሳጸዳው ከቁልፎቹ ሥር ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር አገኘሁ። ግማሹ አልቋል። ሣጥኑን ትቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ይህን ለመጻፍ አሰብኩ።

ፕላስተሩን ያስለመደኝ ኤርል ነው። ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ፣ ወንዙ ዳር ያለው የጀልባ ግቢ ስቀጠር ዋናው መካኒክ እሱ ነበር። እኔ ከዚያ በፊት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት እሰጥ ስለነበር ደመወዙ ትንሽ ቢሻሻልም ደስታዬ በሌላ ነበር፤ እጄ ናፍጣ ናፍጣ መሽተት ናፍቆት ነበር። ኤርል በቀን አሥር ቃል ቢናገር ነው። በመጀመሪያው ቀን ረጅም ጠፍጣፋ መፍቻ ሰጠኝና ወደሚሠራ ሞተር ጠቆመኝ። የመፍቻውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮዬ ሥር አጥንቱ ላይ አድርጌ ዓይኔን ጨፈንኩ። አሰብ ላይ ይህንኑ በብረት ዘንግ እናደርገው ነበር። ሦስተኛው ቫልቭ እንደላላ ስነግረው ሄዶ ምሳውን በላ። የወደደኝ ያን ቀን እንደሆነ ከስንት ዓመት በኋላ ሊንዳ ነገረችኝ።

ኤርል ያልተወለወለ መፍቻ ወደ ሣጥን አይመልስም። ጀልባው ውኃ ላይ ወርዶ፣ የሞተሩ ክዳን ተዘግቶ፣ አጠገቡ አንድ ሰዓት ሳይቀመጥ "ተሠርቷል" አይልም። ብልሽት ካገኘ ደግሞ ከፕላስተሩ ይቆርጥና በወፍራም እርሳስ ጽፎ የጀልባው መሪ ላይ ይለጥፋል። ለምን ሞተሩ ላይ አትለጥፈውም ብዬ ጠየቅሁት።

"ባለቤቱ ቁልፍ ከማዞሩ በፊት ማየት አለበት" አለኝ።

አንድ ዓርብ ሦስት ልጆቹን የጫነ አባት ጀልባውን ሊወስድ መጣ። እኔ ጠዋት ማቀዝቀዣው ውኃ ውስጥ ዘይት አይቼ ነበር። የልጆቹን ፊት ሳይ፣ ሰውየው እስኪጠይቅ ዝም ልበል አልኩ። ኤርል አልፎኝ ሄደና መሪው ላይ ለጠፈ። አባትየው ጮኸ፣ ልጆቹ አለቀሱ፣ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሰኞ ስንከፍተው የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ የጣቴን ያህል ተሰንጥቋል፤ ወንዙ መሐል ቢደርሱ ኖሮ ሞተሩ ይቆም ነበር። ሰውየው ዶናት በካርቶን ይዞ መጣ። ኤርል አልበላም፤ ጣፋጭ አይወድም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም መሪ ላይ እለጥፋለሁ።

ከዚህ ሌላ ደመወዝ የሌለው ሥራም ነበረኝ። በዕድራችን መርዶ የምነግረው እኔ ነበርኩ። ድምፅህ አይንቀጠቀጥም ብለው ነው የመረጡኝ። አገር ቤት ሰው ሲሞት ወሬው ቀድሞ ወደኔ ይመጣል። ፌስቡክ ላይ እንዳይወጣ እንለምናለን። የሐዘንተኛውን አለቃ አስፈቅደን ከሽፍት እናስወጣዋለን። ከዚያ ጎህ ሲቀድ አፓርታማው ፓርኪንግ ውስጥ እንሰባሰብና በአንድነት በሩን እናንኳኳለን። እስከዚያ ድረስ ሰውየው ደውሎ ቢጠይቀን "ደህና ናቸው" ነው መልሳችን። ይህን ማንም ውሸት ብሎት አያውቅም። ሰው ክፉ ወሬ ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ነው።

እንግዲህ ለሞተር የኤርልን ደንብ፣ ለሰው የዕድሩን ደንብ ይዤ ስኖር ሁለቱ ይገናኛሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሮጀር ወደ ግቢያችን የመጣው ኤርል ጡረታ በወጣ ዓመት ነው። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሴንት ሉዊስ ፓርክ አፓርታማ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ሰው ነበር። ግቢው ጀርባ ዝጎ የቆመ የብረት ጀልባ ገዛ። ስሙ ፔሸንስ፣ በእኛ ትዕግሥት፣ ይባላል። እኔ ቤት ውስጥ "ዛሬ ትዕግሥት ጋ ዋልኩ" ስል አስቴር አንድ ሰሞን ፊቷን አጥቁራብኝ ነበር። የሮጀር ሐሳብ ጀልባዋን ይዞ ከካናዳ በስተሰሜን ባሉት ደሴቶች መሐል ማለፍ ነው። የአርክቲክ ባሕር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ይዘጋውና በበጋ ለጥቂት ሳምንት ይከፈታል። ሮጀር ያን መንገድ ለልጆች በካርታ ሲያሳይ ኖሮ በዓይኑ አላየውም።

ስምንት ዓመት አብረን ሠራን። ሞተሩን አውርጄ ከብሎን እስከ ብሎን ገጠምኩት። የናፍጣ ማሞቂያ አስገባሁ፤ የጎኗን ብረት ከውስጥ በስፖንጅ አለበስናት። እሱ መፍቻ ያቀብለኛል፣ እኔ የደሴቶቹን ስም እማራለሁ። በመጨረሻ ሰባ ሦስት ዓመቱ ላይ፣ ልቡ ውስጥ ትንሽ ቱቦ ከገባለት በኋላ፣ "ዘንድሮ ካልሄድኩ አልሄድም" አለ። በዚያው ጸደይ ኮቪድ ገባ።

ድንበሩ ተዘጋ። ሮጀር ግን እስከ ሐምሌ ይከፈታል ብሎ ተስፋ አልቆረጠም። ለጉዞው ሲዘጋጅ ቴሌቪዥኑን ሸጦ፣ ኮምፒውተሩን ለልጁ ልጅ ሰጥቶ ስለነበር የጉዞው ደብዳቤ ሁሉ የሚመጣው በግቢው ኢሜይል ነው። አንድ ረቡዕ ከሰዓት ስከፍተው ካናዳ ያለው የጉዞ ወኪል ጽፏል፤ በዚህ በጋ የመዝናኛ ጀልባ በአርክቲክ ውኃ ውስጥ እንዳያልፍ ተከልክሏል። የባሕሩ ዳር መንደሮች ትንንሽ ናቸው፣ ሐኪም የላቸውም፤ በሽታ እንዳይገባባቸው ነው። ለአደንና ለዓሣ የሚወጡት የአገሬው ሰዎች ብቻ ይፈቀድላቸዋል ይላል።

ሊንዳ ያን ሰሞን ከቤቷ ነበር የምትሠራው። ደወልኩላት። ማን ይንገረው ስትል፣ እኔ እነግረዋለሁ አልኳት። እሷ በዚያው ሰዓት ደውዬ የምነግረው መስሏታል። እኔ ግን ልቡ የታመመ ሰው፣ ብቻውን ቤት የተዘጋበት፣ የስምንት ዓመት ሕልሙን ሞት በስልክ ይስማ? የሚታሰብ አልመሰለኝም። ለልጁ ለኤሚ ደወልኩ። ኤሚ ነርስ ናት፤ እስከ እሑድ ሆስፒታል ተረኛ ነበረች። ሰኞ ጠዋት አብረን ሄደን እንንገረው አልኳት። ዛሬ ብንደውልለት አይሻልም ወይ ብላ ነበር። በኛ ልማድ እንዲህ አይደረግም አልኳት። ደክሟት ነበርና እሺ አለች።

ዓርብ ጠዋት ሮጀር ራሱ ደወለልኝ። ስለ ማሞቂያው ፊልተር ሊጠይቀኝ ነው። ድምፁ የሃያ ዓመት ልጅ ድምፅ ሆኗል። ዛሬ ከሰዓት አፓርታማውን በወሩ መጨረሻ ለመልቀቅ ሊፈርም እንደሆነ፣ ቅዳሜ ዕቃውን በጎ አድራጊዎች መጥተው እንደሚወስዱለት፣ ከእንግዲህ ቤቱ ጀልባዋ እንደሆነች ነገረኝ።

ፊልተሩን መቼ እንደሚቀይር ነገርኩት። "ድምፅህ ደከመብኝ፤ ሁሉም ደህና ነው?" አለኝ።

"ሁሉም ደህና ነው" አልኩት።

ያን ቀን ስንት ጊዜ ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩ። ሁለት ቀን ምን አላት እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ቤቱን ለመልቀቅ ዓርብ የፈረመውን ሰኞ ይሰርዘዋል ብዬ አስቤ ነበር። አፓርታማው ግን ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ስለነበረው ፊርማው ሳይደርቅ ለሌላ ተሰጥቷል።

ሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እኔ፣ ሊንዳና ኤሚ ማስክ አድርገን፣ ተራርቀን፣ ሮጀር በር ላይ ቆምን። ከፈተ። ከኋላው ባዶ ክፍል ይታያል፤ አንድ ወንበር፣ የመኝታ ከረጢትና ግድግዳው ላይ ካርታ። እኔንም ሊንዳንም አላየም፤ ዓይኑ ኤሚ ላይ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። የበሩን ጠርዝ ያዘ።

"ከልጆችሽ የትኛው ነው?" አለ።

በሕይወቴ ብዙ መርዶ ተናግሬአለሁ፤ እንደዚያ ያፈርኩበት የለም። ኤሚ ሮጣ ልጆቹ ደህና ናቸው እያለች አቀፈችው፤ መራራቁም ተረሳ። ባሕሩ መዘጋቱን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ካርታውን ብዙ አየው። እነዚያን መንደሮች ስማቸውን ለልጆች አስተምሬአለሁ፣ በራቸውን መዝጋታቸው ልክ ነው አለ። ቀጥሎ ወደኔ ዞረ።

"መቼ ሰማህ?"

"ረቡዕ።"

"ዓርብ ስደውልልህ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እኔ ሕፃን አይደለሁም፣ ግርማ" አለኝ። አልጮኸም። ቢጮኽ በወደድኩ።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ሥራ ሄድኩ። ፔሸንስ ላይ ወጣሁ። ፕላስተር ቆርጬ "ረቡዕ አውቄ ነበር። ሰኞ ነገርኩህ። ግርማ" ብዬ ጻፍኩና መሪዋ ላይ ለጠፍኩት። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ሮጀር መግቢያ አጣ። ኤሚ የኮቪድ ሕሙማን ስለምታክም እሷ ዘንድ መኖር አይችልም። ሊንዳ ደንቡን ጥሳ ግቢው ውስጥ፣ የብረት ድጋፍ ላይ የቆመችው ጀልባ ውስጥ እንዲኖር ፈቀደችለት። ሲገባ ፕላስተሩን አነበበና ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። ስለ ኤርል ነገርኩት። ስለ መርዶም ነገርኩት፤ ለምን ጎህ ሲቀድ እንደሆነ፣ ለምን በርከት ብለን እንደምንሄድ። አስተማሪ ነውና ጥያቄው አያልቅም።

"መምጣታችሁ ጥሩ ነበር" አለኝ። "የተበላሸው ቀኑ ነው።"

ፕላስተሩን አልላጠውም።

የሚኒሶታን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሮጀር ያን ክረምት በዚያ ብረት ውስጥ እንዲያልፍ እኔ በጋውን በሙሉ ስለፋ ከረምኩ። ወለሉን አነሳሁ፤ የናፍጣውን ቱቦ ከቀዝቃዛው ብረት አራቅሁ፤ መስኮቶቹን ድርብ አደረግሁ። ጥር ላይ ነፋስ የቀላቀለ በረዶ አንድ ቀን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት ስደርስ ሮጀር ብርድ ልብስ ለብሶ ደጅ ቆሟል፤ ውስጥ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። የማሞቂያው አየር ማስገቢያ ቀዳዳ በበረዶ ተደፍኖ ጭሱ ወደ ውስጥ ተመልሷል። ቀዳዳውን እዚያ ጎን ላይ፣ ዝቅ አድርጌ የበሳሁት እኔ ነኝ። አርክቲክ ላይ የማዕበሉ ፍንጣቂ በረዶ ሆኖ እንዲሁ ይደፍነው ነበር፤ እዚያ ደግሞ ወጥተህ የምትቆምበት ደጅ የለም።

ቀዳዳውን ከመሪው ኋላ ከፍ አድርጌ አዛወርኩት፤ ክዳንም ሠራሁለት። ከዚያ እንደ ኤርል በሩን ዘግቼ አንድ ሰዓት አጠገቡ ተቀመጥኩ። አስቴር ስትሰማ እግዚአብሔር ባሕሩን የዘጋው ለበጎ ነው አለች። ይሆናል። እኔ ግን በሱ አልጽናናም። የእግዚአብሔር ሥራ የሱ ነው፤ ዓርብ ዕለት "ሁሉም ደህና ነው" ያለው የኔ አፍ ነው።

በዚያው ክረምት የዕድራችን አንዲት እህት ወንድሟ አዲስ አበባ ሞተ። መሰባሰብ አይቻልም። እንደ ድሮው ቢሆን ወረርሽኙ ጋብ እስኪል እንደብቅባት ነበር፤ እንዲያ ይሁን የሚሉም ነበሩ። እኔ ጎረቤቷን በመስኮት በኩል እንድትቆምላት ለመንኩና በቀን፣ በስልክ፣ ራሴ ነገርኳት። አብረን አለቀስን። ኋላ፣ ቀብሩን በስልክም ቢሆን በመድረሷ አመሰገነችኝ።

በሁለተኛው ዓመትም ባሕሩ እንደተዘጋ ይቆያል የሚል ኢሜይል መጣ። እስከ መጨረሻው ሳላነበው ደወልኩለት። ሮጀር ሰምቶኝ ሲያበቃ "ምሳ በልተሃል?" አለኝ። አልበላሁም ነበር። ጀልባዋ ውስጥ ሾርባ አሙቆ ሰጠኝ፤ ካርታውን ከፊታችን ዘርግተን በላን። ሰባ አራት ሞልቶት ነበር። እጁ ማንኪያ ሲይዝ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። እሱ ግን ራሱ ነገረኝ፤ ሐኪሙ አንድ ዓመት ቆይቶ ቢከፈት እንኳ ይፈቅድለት እንደሆነ እንደማያውቅ።

በሦስተኛው ዓመት ተከፈተ። ሐኪሙ ብቻውን አይሆንም ስላለ ሁለት የድሮ ተማሪዎቹ አብረውት ለመሄድ ተስማሙ፤ ሁለቱም ሽበት አውጥተዋል። ኤርልን ከአረጋውያን ቤት አመጣሁት። ዘጠና ሊሞላው ነው፤ በከዘራ ነው የሚሄደው። መፍቻውን ከጆሮው ሥር አድርጎ ሞተሩን ሰማ። ረጅም ጊዜ ሰማና ምንም ሳይለጥፍ ወረደ። በማግስቱ ፔሸንስ በጭነት መኪና ወደ ዱሉዝ ተጫነች። መሪዋ ላይ የኔ ፕላስተር ብቻ፣ ጸሐይ አንጥቶት፣ እንደተለጠፈ ነበር። በዚያው ሳምንት ጡረታ ወጣሁ።

ያን በጋ እንዴት እንዳሳለፍኩት አልጠየቅ። ከግሪንላንድ ደህና ነን የሚል መልእክት መጣ፤ ከዚያ ወሬ ጠፋ። ስልኬን ሽንት ቤት ሳይቀር ይዤ እገባለሁ። አስቴር "ቼክ አድርገህ፣ ቼክ አድርገህ ባትሪውን ጨረስከው" ትለኛለች። እኔ ማታ ማታ ቀዳዳውን ነው የማስበው፤ ክዳኑን በአራት ብሎን አስሬዋለሁ፤ ስድስት ባደርገው ኖሮ።

አንድ ጠዋት፣ ጎህ እንደ ቀደደ፣ በራችን ተንኳኳ። አስቴር ቀድማኝ በመስኮት አየች። "ግርማ፣ የሊንዳ መኪና ናት። ሦስት ሆነው ቆመዋል" አለችኝና ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣለች። ሁለታችንም በዚህ ሰዓት ሦስት ሰው በር ላይ ሲቆም ምን እንደሆነ እናውቃለን። ደረጃውን የወረድኩት ግድግዳውን ይዤ ነው። መርዶ የሚነገረው ሰው በሩን ለመክፈት እንዴት እንደሚፈራ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

በራችን ባለ መስታወት ነው። ሊንዳና ኤሚ ግራና ቀኝ ቆመዋል። መሐላቸው ኤርል ነው፤ ከዘራውን ለኤሚ አስይዞ፣ በሁለት እጆቹ አንድ ካርቶን መስታወቱ ላይ አጣብቆ ይዟል። ካርቶኑ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል፤ ፕላስተሩ ላይ በወፍራም እርሳስ ተጽፏል፦

"ሮጀር ማታ አላስካ ገባ። ደህና ነው። ሁላችሁም ሄዳችሁ ንገሩት ብሏል።"

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ቁልፉን አዞርኩ።